በጅግጅጋ ሜዳና በሽንሌ በረሃ ስለሚሠሩ መኪናዎች፤ የዲፈረንሻል መቆለፊያና የጠንካራ አክስል ጥቅም

ከሐረር ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ መንገደኛ የባቢሌን ድንጋዮችና የፋፋንን ሸለቆ አልፎ የካራማርዳን በር በወጣ ጊዜ፥ የጅግጅጋ ሜዳ እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ ከፊቱ ይገለጥለታል። ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ይህ ሜዳ ስንዴ፥ በቆሎና ማሽላ የሚበቅልበት፥ ከብትና ግመልም የሚሰማራበት ያማረ አገር ነው። በበጋ ያየው ሰው፥ መኪና በዚህ ሜዳ ላይ ይቸገራል ቢሉት አያምንም፤ ገደል የለበት፥ ዳገት የለበት። ነገር ግን አፈሩ በብዙው ስፍራ ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ በጅላል ወራት እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ እስኪያወጣ ድረስ ይደርቃል፤ ዝናብ በነካው ጊዜ ግን ያብጣል፥ ይጣበቃል፥ እንደ ሳሙናም ያንሸራትታል። በማለዳ በደረቅ ያለፈ መኪና ከቀትር በኋላ በተመለሰ ጊዜ፥ በዚያው ባለፈበት ዱካ ላይ እስከ ሆዱ ሰምጦ የሚቀርበት ቀን ብዙ ነው።

ዛሬ ከሐረር ወደ ጅግጅጋ፥ ከጅግጅጋም ወደ ቶጎ ውጫሌና ወደ ደገሃቡር የሚያደርሱት ዋና ዋና መንገዶች አስፋልት ለብሰዋል። የእርሻና የከብት ሀብት ሥራ ግን በአስፋልት ዳር የሚፈጸም አይደለም። የበግና የፍየል ክትባት የሚሰጠው መንጋው ባለበት ነው፤ የዘር እህል የሚራገፈው ከገበሬው ማሳ አጠገብ ነው፤ በድርቅ ጊዜም ውሃ የሚወርደው የአርብቶ አደሩ ብርካ በተቈፈረበት ስፍራ ነው። በ2012 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ በሶማሌ ክልል ላይ በወረደ ጊዜም፥ መድኃኒት መርጫ የተጫነባቸው መኪናዎች መንጋው ካደረበት ቦታ ገና ሳይነሣ በማለዳ መድረስ ነበረባቸው፤ አንበጣም መንገድ መርጦ አያድርም። ስለዚህ በወረዳ ሹም እጅ ያለ መኪና ዋጋው የሚታወቀው አስፋልቱን ለቆ በወረደበት ሰዓት ነው።

በዚያም ሰዓት ከሾፌሩ አፍ ብዙ ጊዜ የሚሰማው «መኪናው ጕልበት አነሰው» የሚል ነው። ከዚህም የተነሣ በሚመጣው ዓመት ሞተሩ የበለጠ መኪና ይገዛ ዘንድ ደብዳቤ ይጻፋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በጭቃ የተያዘ መኪና ሞተሩ ሲጮኽና አንዱ ጐማ ብቻ ሲሽከረከር ይታያል፤ ጕልበት አንሶትስ ቢሆን ጐማው ባልዞረ፥ ሞተሩም በጠፋ ነበር። የጐደለው ጕልበት ሳይሆን፥ ጕልበቱን መሬት ለያዘው ጐማ የሚያደርስ መሣሪያ ነው።

አገሩ ይህን ለጦር ሠራዊቶች ሳይቀር አስተምሯል። በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም. የፋሺስቱ ጀኔራል ግራዚያኒ በኦጋዴን በኩል ወደ ጅግጅጋና ወደ ሐረር በገፋ ጊዜ፥ ሠራዊቱ በካሚዮንና በትራክተር ብዛት የሚመካ ነበር። በፊቱም የደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል ሠራዊት ምሽግ ይዞ ተቋቋመው። በጦርነቱ ላይ ዝናብ ተጨመረበት፤ መንገዱ ጭቃ በሆነ ጊዜ መኪናዎቹ ተያዙ፥ ግሥጋሤውም ዘገየ። ደገሃቡር የተያዘችው ሚያዝያ 22 ቀን ሲሆን፥ ጅግጅጋ የተያዘችው በዚያው ወር መጨረሻ ላይ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የነበረው የናይጄሪያ ብርጌድ በየካቲት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ከሞቃዲሾ ተነሥቶ፥ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በ17 ቀን ጨርሶ መጋቢት 8 ቀን ጅግጅጋ ገባ፤ በካራማርዳ በር ከተዋጋ በኋላም መጋቢት 17 ቀን ሐረር ደረሰ። እርግጥ ነው፥ በሁለተኛው ጊዜ ጠላት እየሸሸ ነበር። ነገር ግን የፊተኛው በዝናብ ወር፥ የኋለኛው ዝናቡ ሳይገባ መጓዙ ሊዘነጋ አይገባም። የሁለቱም ወገን ካሚዮኖች በአብዛኛው ዲፈረንሻላቸው መቆለፊያ የሌለው ነበር፤ በደረቅ መሬት አላስፈለጋቸውም፥ በጭቃ ግን አስፈለጋቸው።

ዲፈረንሻል ማለት በአክስሉ መካከል እንደ ቅል አብጦ የሚታየው፥ ከሞተሩ በረጅሙ ዘንግ የሚመጣውን ኀይል ተቀብሎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጐማ የሚያካፍል የጥርስ መዘውሮች ማኅደር ነው። የተፈለሰፈበትም ምክንያት መኪና በሚታጠፍበት ጊዜ የውጭው ጐማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ስለሚሄድ ነው። ሁለቱ ጐማዎች በ1 ሜትር ተኩል ቢራራቁ፥ መኪናው ሩብ ዙር ብቻ ሲታጠፍ የውጭው ጐማ ከውስጠኛው 2 ሜትር ከ35 ሳንቲ ሜትር ያህል አብልጦ ይጓዛል። ሁለቱ በአንድ ደረቅ ዘንግ ቢታሰሩ ኖሮ አንዱ መጐተት፥ ጐማውም ማለቅ፥ ዘንጉም መሰበር ግድ ይሆንበት ነበር። ዲፈረንሻል ከዚህ አድኖናል።

ነገር ግን ይህ መሣሪያ አንድ ጠባይ አለበት። ኀይሉን ለሁለቱ ጐማዎች ምን ጊዜም እኩል ያካፍላል እንጂ፥ ለሚችለው አብዝቶ ለማይችለው አሳንሶ አይሰጥም። በአንድ ቀንበር የተጠመዱ ሁለት በሬዎች አንዱ ቢለግም ሌላው ብቻውን ሞፈሩን ሊስብ እንደማይችል፥ ቀንበሩም ወደ ጐን ከመጣመም በቀር ወደ ፊት እንደማይሄድ፥ ዲፈረንሻልም እንዲሁ ነው። የግራው ጐማ በደረቅ መሬት ላይ ቆሞ 180 እጅ ኀይል መሸከም ቢችልና የቀኙ በለሰለሰ ዋልካ ውስጥ ገብቶ 20 እጅ ብቻ ቢቋቋም፥ የግራውም የሚያገኘው 20 ብቻ ነው። መኪናውን ለማውጣት 100 እጅ ቢያስፈልግ 40 ብቻ ተገኘ ማለት ነው። የቀረው የሞተሩ ሥራ ሁሉ ቀኙን ጐማ በከንቱ በማሽከርከር ያልቃል፤ ሾፌሩ ቤንዚን ወይም ናፍጣ በሰጠ ቍጥርም ጕድጓዱ ይጠልቃል።

አራቱም ጐማዎቹ የሚጐትቱ መኪና ነው ተብሎ የተገዛውም ከዚህ ነገር ነፃ አይደለም። ከፊት አንድ፥ ከኋላም አንድ ጐማ በተንሸራተተ ጊዜ፥ የቀሩት ሁለቱ ደረቅ መሬት ረግጠው ሳለ መኪናው ይቆማል። ብዙ ሹማምንት ገንዘብ ከወጣ በኋላ በዚህ ይደነቃሉ።

መቆለፊያው የዲፈረንሻሉን የማካፈል ሥራ ለጊዜው አስቀርቶ የግራውንና የቀኙን ጐማ እንደ አንድ ዘንግ ያስራል። ያን ጊዜ ከላይ በተሰጠው ምሳሌ የግራው ጐማ 20 ብቻ መቀበሉ ይቀርና መሬቱ እስከ ፈቀደለት ድረስ እስከ 180 ይወስዳል፤ መኪናውም ይወጣል። ሞተሩ ያው ነው፥ ጐማውም ያው ነው፤ የተለወጠው አከፋፈሉ ብቻ ነው። መቆለፊያውን በእጅ በሚሳብ ሽቦ፥ በኤሌክትሪክ ወይም በታመቀ አየር የሚሠሩት አሉ፤ ሾፌሩ በፈቀደ ጊዜ ቆልፎ በፈቀደ ጊዜ የሚፈታቸው በመሆናቸው ለወረዳ ሥራ እነዚህ ይሻላሉ። በራሱ ጊዜ የሚቆልፍና የሚፈታ ዓይነትም አለ፤ ነገር ግን እንደ ካራማርዳ ባለ ጠመዝማዛ ቍልቍለት ዝናብ በመታው መንገድ ላይ ሾፌሩ ሳያስበው ቢቆልፍ የመኪናውን ጭራ ወደ ጐን ሊወረውረው ይችላል። መንሸራተትን በጥቂቱ ብቻ የሚገታ ዲፈረንሻልም አለ፤ ለአስፋልትና ለኮረኮንች መልካም ነው፥ አንዱ ጐማ አየር ላይ በተንጠለጠለ ጊዜ ግን እምብዛም አይረዳም። በዘመናችን መኪናዎች ላይ የሚገኘው፥ የሚንሸራተተውን ጐማ ለይቶ ፍሬን የሚይዘው ሥርዓት ለአጭር ችግር ይበቃል፤ ረጅም ጭቃ ውስጥ ግን ፍሬኑን ያግላል።

መቆለፊያ የተገጠመለት መኪና ሁሉ ግን ዳነ ማለት አይደለም፤ ሌላ ጥፋት ይከተላልና። በተከፈተ ዲፈረንሻል የሞተሩ ኀይል ለሁለት ይከፈላል፤ ደካማው ጐማም ስለሚንሸራተት ዘንጎቹ ብዙ አይጨነቁም። በተቆለፈ ጊዜ ግን መሬት የያዘው ጐማ አንድ ብቻ ከሆነ፥ በከባድ ማርሽ የበዛው ኀይል ሁሉ በአንድ የጐን ዘንግ በኩል ያልፋል። ዘንጉ ለግማሽ ኀይል የተሠራ ከሆነ ይጠመዘዛል፥ ኋላም ይሰበራል። ስለዚህ መቆለፊያውን ገዝቶ ለአክስሉ አለማሰብ ብልሽቱን ከጭቃው አንሥቶ ወደ ብረቱ ማዛወር ነው፤ ጭቃን በአካፋ ማውጣት ይቻላል፥ የተሰበረ ዘንግ ግን በሐርሺን ሜዳ መካከል የሚሸጥ ነጋዴ አይገኝም።

በአክስል ረገድ ገዥው ለይቶ ሊጠይቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በአንዳንዱ መኪና የጐን ዘንጉ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ጐማውንም ያዞራል፥ የመኪናውንም ክብደት ይሸከማል። እንዲህ ያለው ዘንግ በተሰበረ ጊዜ ጐማው ራሱ ሊወጣ ይችላል። በሌላው ዓይነት ግን ክብደቱን የሚሸከመው የአክስሉ ቱቦና በላዩ የተቀመጠው የጐማ እምብርት ሲሆን፥ ዘንጉ ማዞርን ብቻ ይሠራል፤ ቢሰበርም ጐማው በቦታው ይቆያል፥ ብሎኖቹን ፈትቶ መኪናው በጐማው እንደ ቆመ የተሰበረውን ስቦ አዲሱን ማስገባት ይቻላል። በካሚዮኖችና ለከባድ ሥራ በተሠሩት የላንድ ክሩዘር ፒክአፖች የኋላ አክስል ላይ የሚገኘው ይህ ሁለተኛው ነው። ከከተማ ርቆ ለሚሠራ መኪና ከሞተር ብርታት ይልቅ ይህ ይበልጣል።

መቆለፊያና ጠንካራ አክስል በአንድነት ለእርሻ ተብሎ የተሠራበት የታወቀ ምሳሌ፥ በጀርመን አገር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1946 ናሙናው የተሠራውና በ1948 ለገበያ የወጣው ኡኒሞግ ነው። ሞተሩ 25 የፈረስ ጕልበት ብቻ ነበረው፤ ዛሬ ትንሹ የቤት መኪና እንኳ ከዚህ ይበልጣል። የጐማዎቹ ርቀት ከሁለት የድንች ትልም ጋር የተስማማ ነበር፤ የፊቱም የኋላውም ዲፈረንሻል መቆለፊያ ነበረው። በጐማው አጠገብ ሌላ ጥርስ ስለ ተጨመረለትም አክስሉ ከመሬት ከፍ አለ፥ የጐን ዘንጉም የሚሸከመው ኀይል ቀነሰ፤ ኀይሉ የሚበዛው ከዘንጉ በኋላ በጐማው ዘንድ ነውና። ብዙዎቹ የግንባታ ገልባጭ መኪናዎችም በዚሁ ስልት የተሠሩ ናቸው። 25 የፈረስ ጕልበት ይዞ ማሳ የሚያቋርጥ መኪና መኖሩ፥ ስለ ሞተር ለሚከራከር ሹም በቂ መልስ ነው።

አሁን ወደ አገሩ እንመለስ። በዋልካ ላይ መቆለፊያ የሚያስፈልገው ከመያዝ በፊት እንጂ ከተያዙ በኋላ አይደለም። ጐማው ተሽከርክሮ የራሱን ጕድጓድ ከቈፈረ፥ አክስሉም በጭቃው ላይ ከተቀመጠ፥ ቢቆለፍ ሁለቱም ጐማዎች አብረው ይሽከረከራሉ እንጂ ሌላ ለውጥ የለም። ጭቃው የሚታይ ከሆነ ሾፌሩ ቆሞ ይቆልፍ፥ በዝግታና ባልተቋረጠ ጕዞ ቀጥ ብሎ ይለፍ፥ ጐማው በመሽከርከር ላይ ሳለም ከቶ አይቆልፍ፤ ጥርሱ የሚሰበረው በዚህ ነው። ዋልካው የጐማውን ጥርስ ሞልቶ ጐማው እንደ ጭቃ እንክብል በሆነ ጊዜ ግን የትኛውም መቆለፊያ አይረዳም። በዚህ ጊዜ የሚሻለው ግማሽ ቀን መጠበቅ ነው፤ ፀሐይ ከወጣ የላዩ አፈር ቶሎ ይጠነክራል። ሹሙ «ዛሬውኑ ድረስ» ብሎ ሾፌሩን ባስገደደ ጊዜ በአንድ ቀን ፈንታ ሦስት ቀን ይጠፋል፥ የገበሬውም ማሳ በጐማ ዱካ ይታረሳል።

በሲቲ ዞን በሽንሌ፥ በኤረርና በአይሻ በኩል ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ የሚያስቸግረው የደረቁ ወንዞች አሸዋና ጥቁሩ ድንጋይ ነው። በአሸዋ ላይ ከመቆለፊያው አስቀድሞ የጐማውን አየር መቀነስ ይጠቅማል፤ ጐማው ሲለዝብ መሬቱን በሰፊው ይረግጣልና። ካለፉ በኋላ አየሩን መመለስ ግድ ነው፤ በለዘበ ጐማ በድንጋይ ላይ የሮጠ ሰው ጐማውን ያስቀድዳል። በድንጋይ ላይ አንዱ ጐማ አየር ላይ ሲንጠለጠል መቆለፊያው ሙሉ ዋጋውን ያሳያል፤ ነገር ግን የጐን ዘንግ የሚሰበረውም አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው፤ ሲሽከረከር የነበረ ጐማ በድንገት ድንጋይ ይይዛልና። የፊት አክስል መቆለፊያ ያለው መኪናም ከሆነ መጨረሻ የሚቆለፈው፥ አስቀድሞም የሚፈታው የፊቱ ነው፤ በተቆለፈ ጊዜ መሪው አይታጠፍምና። በአሸዋማ ወንዝ ውስጥ መኪና አቁሞ ማደር ግን ከሁሉ የከፋ ነው። ዝናቡ በሐረርጌ ደጋ ዘንቦ ጐርፉ በቆላ በጠራ ሰማይ ሥር ይደርሳል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋን የመታው ጐርፍ እንዲህ ከደጋ የወረደ ነበር።

ነገሩ የገንዘብ ብቻ እንዳይመስል የውሃውን ሒሳብ ማየት ይበቃል። የሐርትሼክ አካባቢ የወራጅ ውሃ ችግር ያለበት አገር ስለ ሆነ፥ ከ1980 ዓ.ም. ጀምሮ ከሶማሊያ ጦርነት የሸሹ ስደተኞች በዚያ ሰፍረው በነበሩበት ዘመን ውሃ የሚመጣላቸው በቦቴ ነበር፤ ሰፈሩም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 ተዘጋ። ዛሬም ዝናብ በቀረ ቍጥር ብርካዎች ሲደርቁ የሚጠበቀው ቦቴው ነው። 10,000 ሊትር የጫነ ቦቴ 10 ቶን ውሃ ተሸክሟል፤ ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር ብቻ ቢታደል ለ2,000 ሰው የአንድ ቀን ውሃ ነው። ይህ ቦቴ ዘንጉ ተሰብሮ ሦስት ቀን ቢቆም ምን እንደሚሆን ማስረዳት አያሻም። በ2008 ዓ.ም. በሲቲ ዞን ድርቅ ጸንቶ ሳለ በዚያው ዓመት ጅግጅጋን ጐርፍ መትቶ ሰው ገድሏል፤ በዚህ አገር ደረቅና ጭቃ ተራ ጠብቀው አይመጡም። በፒክአፕ ላይ የ1,000 ሊትር ታንክ ጭኖ በላዩ በርሜል ናፍጣና ስድስት ሰው መጨመር የተለመደ ነው፤ እንዲህ ለሚጫን መኪና ምን ዓይነት መቆለፊያ ያድነዋል? እኩሌታው ብቻ የተሞላ ታንክም ውሃው እየተናጠ በየመዞሪያው አክስሉን ይመታል፤ ሞልቶ መሄድ ወይም በታንኩ ውስጥ መከፋፈያ ማበጀት ይሻላል።

የክትባቱም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ብዙው ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ መቆየት አለበት፥ በረዶው ግን መኪናው እስኪወጣ አይጠብቅም። በመኪና የማይደረስበት ስፍራ መኖሩን ማወቅም ብልኀት ነው። የከብት ደስታ በሽታ ከአፋር በጠፋበት ዘመን፥ ሙቀት የሚችል ክትባት ተሸክመው በእግር የሄዱት ከአርብቶ አደሩ መካከል የሠለጠኑ ሰዎች ብዙ ሠርተዋል።

በትራክተር ላይ መቆለፊያው አብዛኛውን ጊዜ በተረከዝ የሚረገጥ ፔዳል ነው። በጅግጅጋ ሜዳ ትራክተር በኪራይ የሚያሳርስ ገበሬ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባው፥ አንዱ ጐማ በትልሙ ውስጥ፥ ሌላው በላዩ ሲሄድ አንዱ የሚንሸራተት ከሆነ ፔዳሉ መረገጥ እንዳለበት፥ ከማሳው ዳር ደርሶ ከመታጠፉ በፊትም መለቀቅ እንዳለበት ነው። ጐማ ከ100 ዙር 10 ወይም 15 ዙር ቢንሸራተት ከልክ አያልፍም፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ናፍጣው ይባክናል፥ አፈሩም ይጠቀጠቃል። በኪራይ የሚያርስ ሰው ለመሬቱ ስለማያዝን ይህን የሚከታተለው ባለ ማሳው ነው።

መኪና ሲገዛም በግዥው ደብዳቤ ላይ «አራቱም ጐማ የሚጐትት» ብሎ መጻፍ አይበቃም። የኋላ ዲፈረንሻሉ በእጅ የሚቆለፍ መሆኑ፥ የኋላ አክስሉ ክብደቱን በዘንጉ ላይ የማይጭን መሆኑ፥ ከመኪናው ጋርም አንድ ትርፍ የጐን ዘንግ፥ ክሪክ፥ አካፋና የአየር መንፊያ መምጣቱ በግልጽ ይጻፍ። መቆለፊያ ዓመቱን ሙሉ ሳይነካ ቢቀር ይዝጋል፥ በሚፈለግበትም ቀን አይንቀሳቀስም፤ ስለዚህ በወር አንድ ጊዜ በለሰለሰ መሬት ላይ ይቆለፍ፥ ይፈታም። በአስፋልት ላይ ግን ከቶ አይቆለፍ።

ጐርፍ ካቋረጡ በኋላ የአክስሉ ዘይት ይታይ። የጋለ አክስል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በገባ ጊዜ በመተንፈሻውና በማኅተሙ በኩል ውሃ ይስባል፤ ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ ከተገኘ በዚያው ሳምንት ይለወጥ። በመፍሰሻው ቡሎን ላይ እንደ ዱቄት የላመ ብረት ቢገኝ የተለመደ ነው፤ ስባሪ ቢገኝ ግን ጥርሱ መሰበር ጀምሯል።

መኪናው ሲረከቡ መቆለፊያው መኖሩን በወረቀት ብቻ ማመን አይገባም፤ ሹሙ ራሱ ያለ መካኒክ ሊፈትነው ይችላል። የፊት ጐማዎቹን በድንጋይ ካስደገፉ በኋላ ሁለቱን የኋላ ጐማዎች በክሪክ አንሥቶ በጠንካራ ድጋፍ ላይ ማሳረፍ፥ ማርሹን ከሥራ ማውጣት፥ ከዚያም አንዱን ጐማ በእጅ ማዞር ነው። መቆለፊያው በተፈታ ጊዜ ሁለተኛው ጐማ ወደ ኋላ ይዞራል። በተቆለፈ ጊዜ ሁለቱም ወደ አንድ ወገን አብረው ይዞራሉ፤ ይህ ያልሆነ እንደሆነ መኪናው ሳይፈረምለት ወደ መጣበት ይመለስ።